ከላይ የወረደው ውኃ፦ የሁለት ተከራዮች ጠብ የተፈታበት መንገድ

ይህ ጉዳይ የሆነው በምሥራቅ አዲስ አበባ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሳይቶች በአንዱ ነው። ሕንፃው እንደ አብዛኞቹ ጂ ፕላስ 4 ነው። እኔ በሕንፃው ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ስለነበርኩ ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከታትዬዋለሁ። የሰዎቹን ስም፣ የሳይቱንና የብሎኩን ቁጥር ትቼዋለሁ። የሆነውን ግን እንደሆነው እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም በየብሎኩ በየሳምንቱ የሚሰማ ጠብ ነው።

ሁለቱም ቤቶች የኪራይ ናቸው። 2ኛ ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡ መምህር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ብሎኩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። 3ኛ ፎቅ ላይ፣ ልክ ከእሳቸው በላይ፣ የ3 ልጆች እናት ከባለቤቷ ጋር ትኖራለች። ባለቤቷ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የለም። የጋሼ አከራይ እዚሁ ከተማ የሚኖር ነጋዴ ነው። የላይኛው ቤት ባለቤት ደግሞ አሜሪካ ነው። ኪራዩን የሚሰበስብለት ወኪል አለው፤ የአጎቱ ልጅ ነው።

ይህን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። ጠቡ በጋሼና በላይኛዋ ተከራይ መካከል ነበር። ቧንቧው፣ ወለሉና ፎቅን ከፎቅ የሚለየው ሶሌታ ግን የሁለቱም አይደለም። ሁለት ሰዎች በሌላ ሰው ንብረት ምክንያት ወራት ሙሉ ሲጣሉ፣ የንብረቱ ባለቤት ስለ ጠቡ እንኳ በቅጡ አልሰማም ነበር።

ጣሪያው ላይ የታየው እድፍ

ሰኔ 2017 ላይ ጋሼ ከመታጠቢያ ቤታቸው በር ውጭ፣ ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ቢጫ እድፍ አዩ። ክረምቱ እየገባ ስለነበር ዝናብ መሰላቸው። ግን ከእሳቸው በላይ ገና ሁለት ፎቅ አለ። ዝናብ ቢሆን ቀድመው የሚጮሁት 4ኛ ፎቅ ያሉት ነበሩ። እድፉ ሰፋ። ከዚያም ያንጠባጥብ ጀመር።

ጋሼ ወጥተው አንኳኩ። "ልጄ፣ ውኃችሁ እኔ ቤት እየወረደ ነው" አሏት። እሷም በአክብሮት አስገባቻቸው። "ይኸው ጋሼ፣ ግቡና ይዩት። ምንም የሚፈስ ነገር የለም" አለቻቸው። እውነቷን ነበር። ወለሉ ደረቅ ነው። ቧንቧዎቹ አያንጠባጥቡም። መታጠቢያ ቤቷም ከጋሼ ኮሪደር በላይ ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ነው ያለው። "የእኔ ውኃ ግድግዳ ዘሎ ኮሪደር ላይ ሊወርድ ነው?" ብላ መከራከሯ አይፈረድባትም።

ይሁን እንጂ ውኃ እንዲያ ያደርጋል። በብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞቻችን ፎቅና ፎቅን የሚለየው ሶሌታ ሙሉ ኮንክሪት አይደለም። ቀድመው ተሠርተው በመጡ ቀጫጭን ቢሞች መካከል ሆዱ ክፍት የሆነ ብሎኬት ይደረደራል፤ ከላዩ ስስ ኮንክሪት ይፈሰስበታል። አሠራሩ ወጪ ይቀንሳል፣ ሥራም ያፋጥናል። ውኃ አንዴ ከሰረገበት ግን በብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ይጓዛል። ከገባበት ርቆ፣ ስንጥቅ ባገኘበት በኩል ይወርዳል። ስለዚህ ከታች የሚንጠባጠብበት ቦታ ከላይ ቀዳዳው የት እንዳለ አይናገርም። ይህን የማያውቅ ሰው የላይኛው ጎረቤቱን ውሸታም ይላል።

ሌላም ነገር አለ። የ20/80 ኮንዶሚኒየም ቤቶች (20 በመቶው በቁጠባ፣ 80 በመቶው በባንክ ብድር የሚከፈልባቸው) ለባለዕጣዎች ሲተላለፉ ፊኒሺንጉ አላለቀም ነበር። ሴራሚኩን ያስነጠፈው እያንዳንዱ ባለቤት ነው፤ ባገኘው ሠራተኛ፣ በነበረው ገንዘብ። አንድ ብሎክ ውስጥ ያሉ የመታጠቢያ ቤት ወለሎች በሙሉ በተለያየ እጅ የተሠሩ ናቸው። ከሴራሚኩ ሥር ምን እንዳለ ተከራይ አያውቅም።

የጎርፉ ሌሊት

ሐምሌ ላይ ነገሩ ተባባሰ። በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ ነው። እኛ ሰፈር ብዙውን ጊዜ ሌሊት ትመጣለች። ሰው ቧንቧውን ይከፍታል፤ ምንም ጠብ አይልም፤ እንደተከፈተ ይረሳዋል። አንድ ሌሊት ላይኛዋ ተከራይ ቤት የሆነው ይኸው ነው። በርሜሉ ሞላ፣ ፈሰሰ፣ ወለሉን ሞልቶ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጣ። ልጆቹም እናትየውም ተኝተዋል።

ጋሼ የነቁት በአምፖሉ በኩል ውኃ ሲወርድ ነው። ብሬከሩ ራሱ ወደቀ፤ እግዚአብሔር አወጣቸው። የልጃቸው ፍራሽ ራሰ። ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩ መጻሕፍታቸው ረጠቡ። ለ40 ዓመት ያስተማረ ሰው መጻሕፍት ምን እንደሆኑ መግለጽ አያስፈልገኝም።

ሌሊቱን ደረጃው ላይ የተባለውን አልደግመውም። አፍ እላፊ ነበር፤ ከሁለቱም በኩል። "ሆን ብለሽ ነው" ተባለ። "ሽማግሌ ስለሆኑ ነው የማልመልስልዎት" ተባለ። በማግስቱ ጋሼ ምድር ቤት ካለው የቆጣሪ ሳጥን ውስጥ የላይኛውን ቤት ቫልቭ ዘጉት። ቀጣዩ የውኃ ፈረቃ ሲመጣ ሁሉም ጎረቤት በርሜሉን ሞላ። 3 ልጆች ያሉበት ቤት ብቻ ባዶ ቀረ።

ጋሼን አከብራቸዋለሁ። ይህ ሥራቸው ግን ልክ አልነበረም፤ ያኔም ነግሬያቸዋለሁ። በፈረቃ በሚኖር ከተማ የሰው ውኃ መዝጋት ለቀናት ማስጠማት ነው። ፍሳሹንም አላቆመም። ያበረደው ንዴታቸውን ብቻ ነው።

ላይኛዋ ፖሊስ ጋ ሄደች። ነገሩ የፍትሐ ብሔር እንደሆነና በማኅበሩ በኩል እንዲጨርሱ ነገሯት። ከዚያ ሽማግሌዎች ገቡ። የብሎኩ አዛውንቶች ሁለቱን አቀራርበው፣ ቡና ተፈልቶ፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ተባብለው ተሳሳሙ። ቫልቩም ተከፈተ። እርቁ ከልብ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ግን ጣሪያው እንደገና ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ጋሼም እንደ ክህደት ቆጠሩት። "አሁንም ታፈሳለች" አሉኝ። እሷ ግን ከጎርፉ በኋላ ቧንቧዋን በቀን አሥር ጊዜ ትፈትሽ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩን በሌላ በኩል ማየት እንዳለብን የገባን። የጎርፉ ሌሊት ሁላችንንም አሳስቶናል። የሰኔው እድፍና የሐምሌው ጎርፍ አንድ ምክንያት ያላቸው አስመስሎታል። እድፉ ግን ከጎርፉ በፊትም ነበር፤ ከእርቁ በኋላም ቀጠለ።

የልጅቷ ደብተር

ጉዳዩን የፈታችው የጋሼ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ክረምት ስለሆነ ቤት ነበረች። በአባቷና በጎረቤቷ መካከል መቆሙ ሰለቻት። አንድ ደብተር አወጣችና መመዝገብ ጀመረች፦ ዛሬ ውኃ አለ ወይስ የለም፣ ጠብታው ስንት ሰዓት ጀመረ፣ በርትቷል ወይስ ቀንሷል። ከሥሩ ባልዲ አድርጋ ስንት ሊትር እንደተጠራቀመም ትጽፋለች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዛ ኮሚቴው ጋ መጣች። ያነበብነው ነገር ሁላችንንም አስገረመን። ጠብታው ውኃ ከሚመጣበት ሌሊት ጋር ግንኙነት የለውም። ሌሊት ቧንቧው ውስጥ ውኃ እየተገፋ፣ ላይ ያሉት ተኝተው ሳለ፣ ባልዲው ባዶ ነው። በተቃራኒው ውኃ ከጠፋ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ከበርሜል እየቀዳ በሚታጠብበት ጊዜ ያንጠባጥባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይብሳል። ቅዳሜ ልብስ የሚታጠብበት ቀን ነው።

የመጨረሻውን ማስረጃ እንቁጣጣሽ አመጣው። ላይኛዋ ልጆቿን ይዛ ለበዓሉ ወላጆቿ ጋ ሄደች። በነዚያ ቀናት ውኃ በፈረቃዋ መጥታለች። የጋሼ ጣሪያ ግን አንድም ጠብታ አልጣለም።

ይህ ምን ማለት ነው? የውኃ መስመሩ ቢቀደድ ኖሮ ውኃ በመጣ ቁጥር ያፈስ ነበር፤ ሰው ቤት ኖረም አልኖረም። ስለዚህ ችግሩ ንጹሕ ውኃ የሚያመጣው ቧንቧ አይደለም። ውኃው ከወለሉ ወይም ከፍሳሽ መስመሩ ነው የሚሰርገው። አንዲት ልጅ በአንድ ደብተርና በአንድ ባልዲ ግማሹን ሥራ ጨረሰችው። ሠራተኛ ተጠርቶ ግድግዳ መቦርቦር ቢጀምር ኖሮ ጤነኛውን መስመር ነበር የሚያበላሸው። ብዙ ቤት እንዲያ ሆኖ አይቻለሁ።

ቀይ ውኃ

መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ የታወቀ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ሁለቱም ተከራዮች እንዲገኙ ለመንን፤ ተገኙም። ሠራተኛው መጀመሪያ ወደ ቆጣሪው ወረደ። ላይ ያሉት ቧንቧዎች በሙሉ ተዘግተው፣ መስመሩ ውስጥ ውኃ እያለ የቆጣሪውን ትንሿን መዘውር ተመለከተ። ቆማለች። ደብተሩ ያለው ትክክል ነው።

ከዚያ የምግብ ቀለም በውኃ በጠበጠ። ቀይ። መጀመሪያ ሽንት ቤቱ ላይ ሞከረ፤ ደጋግሞ ለቀቀው። ታች ምንም የለም። ከእጅ መታጠቢያው ለቀቀ። ምንም። ቀይ ውኃውን በጎማ በቀጥታ ወደ ወለሉ ማስወገጃ ቀዳዳ አስገባ። አሁንም ምንም። ይህኛው ጠቃሚ ነበር፤ የፍሳሽ ቱቦው ራሱ ደህና መሆኑን አሳየን።

በመጨረሻ ቀዳዳውን በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ደፈነውና ወለሉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ቀይ ውኃ አቆረ። ጠበቅን። ቡና ተፈላ፤ በዚያ ቤት ከሐምሌ ወዲህ ሁለቱም አብረው ቡና ሲጠጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ከሰዓታት በኋላ የጋሼ ልጅ ከታች ተጣራች። እድፉ ረጥቦ ሮዝ ሆኗል። ኮንክሪቱ ቀለሙን አደብዝዞታል፤ ግን የሚያጠራጥር አልነበረም። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች በስልኳ ቪዲዮ ቀርጻዋለች።

ሠራተኛው በቀዳዳው ዙሪያ ያሉትን ሴራሚኮች አነሳ። ከሥር ያለው ስሚንቶ እንደ ጭቃ ይነካል። ውኃ የሚከለክል ምንም ንጣፍ የለም። በማስወገጃው ቱቦ አንገትና በኮንክሪቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ወለሉም ወደ ቀዳዳው ሳይሆን ወደ በሩ ነው ያዘነበለው። ልጆች በታጠቡ፣ ልብስ በታጠበ ቁጥር ውኃው በሴራሚኮቹ መገጣጠሚያ እየገባ እዚያ ይጠራቀም ነበር።

ላይኛዋ ወለሉን አየችና "እኔ እኮ ገላ ከመታጠብ ሌላ ምን አደረግኩ?" አለች። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ "ልጄ፣ ቫልቩን መዝጋት አልነበረብኝም" አሏት።

የቧንቧ መተላለፊያው ጉድጓድ ሲከፈትም አንድ ሌላ ነገር ተገኘ። ሁሉም ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙበት ቋሚ የፒቪሲ ቱቦ፣ በ3ኛና በ2ኛ ፎቅ መካከል መገጣጠሚያው ላልቶ የጋሼን የወጥ ቤት ግድግዳ ያረጥብ ነበር። ይህ የማንም ቤት አይደለም፤ የጋራ ነው። በማኅበሩ ገንዘብ በዚያው ሳምንት ተጠገነ።

ማን ይክፈል?

አሁን ሦስት ውኃ አለን ማለት ነው፤ ሦስቱም የተለያየ ባለቤት አላቸው።

የጋራው ቱቦ ቀላሉ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የመጠገን ሥራ ለማኅበሩ ይሰጣል፤ ወጪውም ከባለቤቶቹ መዋጮ ነው። የጎርፉ ሌሊትም ቢሆን ግልጽ ነው። ቧንቧ ከፍቶ መርሳት የተከራይዋ ጥፋት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል። እሷም አልካደችም።

የከበደው ወለሉ ነው። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ መልስ መስጠት ያለበት አሜሪካ ያለው ባለቤት ነው። ወኪሉ ግን ገና ከመጀመሪያው "ተከራይዋ ውኃ እየደፋች ነው" ብሎ ነግሮታል። ለተከራይዋም "እንዲህ ከሆነ ቤቱን ልቀቂ" አላት። በአጋጣሚ ውሏ በወረዳ የተመዘገበ ነበር። በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረት ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ አይችልም። ወለሉ ስለተበላሸ ብቻ ተነስቶ ውጪ ማለት አይቻልም። ውሏን ፎቶ አንስታ ለወኪሉ ላከችለት፤ ከዚያ በኋላ ስለ መልቀቅ አላነሳም።

ወኪሉ የፈለገው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነጭ ሲሚንቶ ተቀብቶ እንዲያልፍ ነበር። ይህ በየቦታው የሚደረግ ነው። ለአንድ ወር ያህል ይደርቃል፤ ከዚያ ይመለሳል፤ ጠቡም አብሮ ይመለሳል። ኮሚቴው አልተቀበለውም። ደብዳቤ ጻፍን፤ የደብተሩን ገጾችና ቪዲዮውን በቴሌግራም በቀጥታ ለባለቤቱ ላክን። ደብዳቤው ላይ የጋሼ አከራይም ፈረመ። የእሱ መፈረም ትልቅ ለውጥ አመጣ፤ የሚበላሸው ጣሪያ የእሱ ንብረት ነውና። እስከዚያ ድረስ "ተከራዮች ተጣሉ" የነበረው ጉዳይ የሁለት ባለቤቶች ጉዳይ ሆነ።

ባለቤቱ በእኛ ሌሊት ደወለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወለሉን ያስነጠፈው ራሱ ነው፤ ከመሄዱ በፊት በጥድፊያ። "ቪዲዮውን ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር" አለ። ወጪውን ለመሸፈን ተስማማ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ሥራው እንዳይሸፋፈን ደረጃ በደረጃ ቪዲዮ እንዲላክለት።

ጥገናው ጥቅምት ላይ ተሠራ። ሴራሚኩ በሙሉ ተነሳ፤ የራሰው ስሚንቶ ተፋቀ፤ ወለሉ እንዲደርቅ ተተወ። ወደ ቀዳዳው እንዲያዘነብል እንደገና ተለሰነ። ውኃ የሚከለክለው ንጣፍ ወለሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ግድግዳው ላይም አንድ ስንዝር ያህል ወጥቶ ተለበጠ፤ የቱቦው አንገትም ተደፈነ። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ቀዳዳው ተዘግቶ ውኃ ለ24 ሰዓት ተጠራቀመበት። ሠራተኞች ይህን ደረጃ መዝለል ይወዳሉ፤ አንድ ቀን ስለሚያስቆማቸው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠይቀው እሱን ነው። በእነዚያ ቀናት ላይኛዋና ልጆቿ የሚታጠቡት አጠገባቸው ካሉት ጎረቤት ቤት ነበር።

የፍራሹን ዋጋ ላይኛዋ በሁለት ጊዜ ከፍላ ጨርሳለች። የጋሼን ኮርኒስ ቀለም ማስቀባት የላይኛው ቤት ባለቤት ወጪ ሆኗል፤ እስኪደርቅ ተጠብቆ ኅዳር ላይ ተቀብቷል። በመጻሕፍቱ ዋጋ ላይ ግን እስካሁን አልተስማሙም። ጋሼ የተወሰኑት በገበያ አይገኙም ይላሉ፤ ላይኛዋ የተጠየቀችውን መክፈል አልችልም ትላለች። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። የቆጣሪው ሳጥን ቁልፍ ተበጅቶለታል፤ ቁልፉን ሁለት የኮሚቴ አባላት ይዘውታል።

ከዚያ በኋላ ለማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀረብን፦ ማንኛውም ባለቤት የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲያሠራ፣ ሴራሚክ ከማንጠፉ በፊት ኮሚቴው ባለበት በውኃ እንዲያስሞክር። ስብሰባው ላይ የመጡት አብዛኞቹ ተከራዮች ነበሩ። ሁሉም ደገፉት። ነገር ግን ድምፅ የሚሰጠው ባለቤት ነው፤ ባለቤቶቹም አልነበሩም። ድምፅ ሳይሰጥበት ተበተንን። ለቀጣዩ ስብሰባ ወኪሎቹ የድምፅ ውክልና በጽሑፍ ይዘው እንዲመጡ ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ ልከናል።